እርሳስን ሽሽት፣ ዕድሜን ፍለጋ
(በሬዲዮ ከተሰጠው ንግግር የተወሰደ)

ሰው አንድ ዕቃ ሊገዛ ወደ ገበያ ሲወጣ አስቀድሞ ዋጋውን ይጠይቃል፤ ቀጥሎም ምን ሥራ እንደሚሠራለት ይጠይቃል። አስተዋይ የሆነው ሰው ግን ሦስተኛ ጥያቄ ያክልበታል፤ «ስንት ዓመት ያገለግለኛል?» ይላል። ዛሬ የምናሰማችሁ ታሪክ የዚህ የሦስተኛው ጥያቄ ታሪክ ነው። ይኸውም የፀሓይን ብርሃን ተቀብለው ወደ ኤሌክትሪክ ኃይል ስለሚለውጡ አዳዲስ ሴሎች፣ ይልቁንም ከእርሳስ መርዝ ነጻ እንዲሆኑ ታስበው ስለ ተሠሩት የሚናገር ነው። በንግግራችን የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ታሪኩ የሚነሣው ከ1839 ነው። በዚያ ዓመት ኤድሞን ቤክሬል የተባለ የ19 ዓመት ፈረንሳዊ ወጣት፣ በፓሪስ ከተማ በአባቱ ቤተ ሙከራ ሲሠራ፣ በአሲድ ውሃ ውስጥ የተነከሩ ሁለት የማዕድን ሰሌዳዎች ብርሃን ባረፈባቸው ጊዜ ኤሌክትሪክ እንደሚያመነጩ ተመለከተ። በዚያው ዓመት ጉስታቭ ሮዘ የተባለ ጀርመናዊ የማዕድን ሊቅ፣ ከሩሲያ ከኡራል ተራሮች የመጣለትን አንድ ድንጋይ መርምሮ፣ ከዚያ በፊት ያልታወቀ ማዕድን ሆኖ ስላገኘው፣ ለሩሲያዊው መኮንንና የማዕድን ወዳጅ ለሌቭ ፔሮቭስኪ ክብር ሲል «ፔሮቭስካይት» ብሎ ሰየመው። ሁለቱ ግኝቶች በአንድ ዓመት ተወለዱ እንጂ አንዱ ሌላውን አያውቀውም ነበር። ተገናኝተው አንድ ሥራ እስኪሠሩ ድረስ 170 ዓመት አለፈ።

በዚህ መካከል የቤክሬል ግኝት በሌላ መንገድ ተጓዘ። በ1883 ቻርልስ ፍሪትስ የተባለ አሜሪካዊ ሴሌኒየም ከተባለው ንጥረ ነገር የፀሓይ ሴል ሠራ፤ ሴሉ ግን ካረፈበት ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ከመቶ 1 እጅ ያህል ብቻ ነበር። በ1954 በአሜሪካ በቤል ቤተ ሙከራ የሚሠሩት ቻፒን፣ ፉለርና ፒርሰን ከሲሊኮን የተሠራና ከመቶ 6 እጁን የሚለውጥ ሴል ለሕዝብ አሳዩ። ከአራት ዓመት በኋላ በ1958 ቫንጋርድ 1 የተባለችው ሳተላይት በሲሊኮን ሴሎች ኃይል እየተናገረች ወደ ሰማይ ወጣች፤ እስከ 1964ም ድምፅዋን አሰማች። ሲሊኮን ዛሬም በየጣራው የምናየው የፀሓይ ሰሌዳ ዋና አካል ነው። ብርታቱም በኃይሉ ብቻ ሳይሆን በዕድሜው ነው፤ አምራቾች ለ25 ዓመት ያህል ዋስትና የሚሰጡበት ዕቃ ሆኗል። ነገር ግን ሲሊኮንን ለማቅለጥ ከ1400 ዲግሪ በላይ ሙቀት ስለሚያስፈልግ፣ ከእርሱ የቀለለና የረከሰ ነገር መፈለጉ አልቀረም።

አሁን ወደ ኡራል ድንጋይ እንመለስ። «ፔሮቭስካይት» የሚለው ስም ከጊዜ በኋላ የአንድ ድንጋይ ስም መሆኑ ቀርቶ የአሠራር ስም ሆነ። ነገሩን በቤት ፕላን ልንመስለው እንችላለን። አንድ ፕላን በድንጋይም በእንጨትም በጭቃም ቤት ሊሠራበት ይችላል፤ ዕቃው ይለዋወጣል እንጂ ቤቱ መልኩን አይለውጥም። በፔሮቭስካይት ፕላን አንድ የማዕድን አቶም በመካከል ይቀመጣል፤ ስድስት ጎረቤቶች ይከብቡታል፤ እንዲህ ያሉት ስድስት ስድስት ጎረቤት ያላቸው ክፍሎች በየማዕዘኑ እየተያያዙ ይቀጥላሉ፤ በመካከላቸው በሚተርፈውም ሰፊ ቦታ ሌላ እንግዳ ያድራል። በ1893 ዌልስ የተባለ አሜሪካዊ ኬሚስት ሲዚየም፣ እርሳስና የጨው ወገን የሆኑትን ንጥረ ነገሮች አዋሕዶ ነበር። በ1958 ሞለር የተባለ የዴንማርክ ሊቅ እነዚህ ውሁዶች በፔሮቭስካይት ፕላን የተሠሩ መሆናቸውንና ብርሃን ሲያርፍባቸው ኤሌክትሪክ እንደሚያስተላልፉ አስረዳ። በ1978ም ዲተር ቬበር የተባለ ሊቅ በጀርመን አገር በሽቱትጋርት ከተማ፣ በሲዚየም ፈንታ ካርቦንና ናይትሮጅን ያለበትን ትንሽ ሞለኪውል አግብቶ፣ አንዱን በእርሳስ፣ ሌላውን በቲን ሠራ። ይሁን እንጂ ከእነዚህ ሰዎች አንዱም የፀሓይ ሴል ለመሥራት አላሰበም።

ያሰቡት የጃፓን ሰዎች ናቸው። በ2009 በዮኮሃማ በሚገኘው በቶይን ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ቱቶሙ ሚያሳካና ባልደረቦቻቸው፣ ከእነርሱም ዋናው ወጣቱ ተመራማሪ አኪሂሮ ኮጂማ፣ እርሳስና አዮዲን ያለበትን ፔሮቭስካይት በሴል ውስጥ አግብተው ከብርሃኑ ከመቶ 3.8 እጅ አገኙ። ይህ ቁጥር በጊዜው የብዙ ሰው ዓይን አልሳበም። ሴሉ የተሠራው በፈሳሽ ውስጥ ሆኖ ስለ ነበር ፔሮቭስካይቱ እንደ ጨው ይሟሟ ነበርና። በ2011 በኮሪያ የፕሮፌሰር ናም ግዩ ፓርክ ቡድን ቁጥሩን ወደ 6.5 ከፍ ቢያደርገውም፣ ሴሉ በ10 ደቂቃ ያህል ውስጥ አብዛኛውን ኃይሉን ያጣ ነበር። በ2012 ግን ይኸው ቡድን በኮሪያ፣ የፕሮፌሰር ሄንሪ ስኔዝም ቡድን በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድ፣ ፈሳሹን አስወግደው በደረቅ ነገር ተኩት። ቁጥሩም ወደ ከመቶ 10 አካባቢ ዘለለ። ከዚያ ወዲህ በየአገሩ ያሉ ሊቃውንት እየተሽቀዳደሙ ዛሬ ከመቶ 26 አልፈዋል። ሲሊኮን ይህን ያህል መንገድ ለመሄድ ስድሳ ዓመት ያህል ፈጅቶበታል። ከዚህም በላይ አዲሱ ንጥረ ነገር በፈሳሽ ተበጥብጦ እንደ ቀለም የሚቀባ፣ 100 ዲግሪ ያህል ሙቀትም የሚበቃው ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ደስታ ሁለት ኀዘን ነበረበት። አንደኛው የዕድሜው ማጠር ነው። ፔሮቭስካይት በባሕርዩ ጨው ስለ ሆነ እርጥበት ይፈታዋል፤ ሙቀት ያፈርሰዋል፤ ሊሠራበት የተፈጠረለት ብርሃን ራሱ እንኳ ያደክመዋል። በውስጡ ያለው አዮዲንም ከቦታው እየተንቀሳቀሰ፣ ኤሌክትሪኩን ወደ ውጭ የሚያወጣውን የብር ሽፋን ይበላዋል። ሁለተኛው ኀዘን እርሳሱ ነው። ሴሉ ሲፈርስ የሚቀረው ቢጫ ውሁድ በውሃ የሚሟሟ ክፍል ስላለው፣ ዝናብ ወደ አፈር ሊያወርደው ይችላል።

እርሳስ ለሰው ልጅ አዲስ ጠላት አይደለም። ሮማውያን የውሃ ቧንቧቸውን ከእርሳስ ሠርተው ነበር። ከ1920ዎቹ ጀምሮ ደግሞ እርሳስ በቤንዚን ውስጥ እየተጨመረ በየመኪናው ጭስ ወደ አየር ተበተነ። የሕፃናትን አእምሮ እንደሚጎዳ ከታወቀ በኋላም ቢሆን በዓለም ሁሉ ለመኪና መሸጡ የቆመው በ2021 ነው። አንድን መርዝ ወደ ገበያ ማስገባት የጥቂት ዓመታት ሥራ ሲሆን፣ ከገበያ ማውጣት ግን መቶ ዓመት ያህል ወሰደ። የአውሮፓ አገሮች ከ2006 ጀምሮ በኤሌክትሪክ ዕቃዎች ውስጥ የእርሳስን መጠን የሚወስን ሕግ በሥራ ላይ አውለዋል። ኋላ ግን የፀሓይ ሰሌዳዎችን ከዚህ ሕግ ውጭ አድርገዋቸዋል።

እዚህ ላይ ፍርድ እንዳናዛባ የሌላውንም ወገን ቃል ማሰማት ይገባናል። አንዳንድ ሊቃውንት «በአንድ ሜትር ካሬ ሴል ላይ ያለው እርሳስ ከ1 ግራም አይበልጥም፤ የሲሊኮን ሰሌዳ በሚበየድበት ብየዳ ውስጥ ያለው ይበልጣል» ይላሉ። የተናገሩት ሐሰት አይደለም። ነገር ግን በ2020 የታተመ አንድ ምርመራ፣ ከፔሮቭስካይት የወጣ እርሳስ በአፈር ውስጥ ከቀድሞ ጀምሮ ካለው እርሳስ ይልቅ ወደ ናና ተክል በአሥር እጥፍ በቀለለ ሁኔታ እንደሚገባ አሳይቷል። ስለዚህ መጠኑን ብቻ ሳይሆን የመንገዱንም ቅለት መመልከት ያስፈልጋል።

እነሆ፣ ጥያቄው እንዲህ ሆነ፤ እርሳሱን አውጥቶ ሌላ ማዕድን በቦታው ማስገባት ይቻላልን?

መጀመሪያ የታሰበው ቲን ነው። በአገራችን ቆርቆሮ እያልን የምንጠራው የቤት ክዳን በዚንክ የተለበጠ ብረት ነው እንጂ ቲን አይደለም፤ ቲን የምግብ ጣሳ እንዳይዝግ በስሱ የሚለበጥበት ነጭ ማዕድን ነው። በንጥረ ነገሮች ሰንጠረዥ ላይ ከእርሳስ በላይ፣ በዚያው ዐምድ ተቀምጧል፤ እንደ ታናሽ ወንድሙ ነው። በ2014 የኦክስፎርድ ቡድን፣ እንዲሁም በአሜሪካ በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ የፕሮፌሰር መርኩሪ ካናትዚዲስ ቡድን፣ በቲን ብቻ የተሠሩ ሴሎችን አስታወቁ፤ ያገኙትም ከመቶ 6 አካባቢ ነበር። ሥራው ግን የሚሠራው ናይትሮጅን በሞላበትና አየር በማይገባበት ሣጥን ውስጥ ነው። ጥቁሩ የቲን ፔሮቭስካይት ወደ አየር በወጣ ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ መበላሸት ይጀምራልና።

የዚህም ምክንያት እንዲህ ነው። እርሳስም ሆነ ቲን በፔሮቭስካይት ቤት ውስጥ ለመኖር ከአራቱ የውጭ ኤሌክትሮኖቻቸው ሁለቱን ይሰጣሉ። እርሳስ ከባድ አቶም ስለ ሆነ የቀሩትን ሁለቱን አጥብቆ ይይዛል። ቲን ግን እጁ ልል ነው፤ ኦክሲጅን ባገኘ ጊዜ የቀሩትንም ሁለቱን ይሰጣል። አራቱን የሰጠ ቲን በፕላኑ ውስጥ ቦታ የለውም፤ ቤቱም ከዚያ ወዲያ ይናዳል። በ2021 በለንደን የኢምፔሪያል ኮሌጅ ተመራማሪዎች ጥፋቱ እንዴት እንደሚዛመት ገለጡ። አራቱን ኤሌክትሮን የሰጠው ቲን ከአዮዲን ጋር አዲስ ውሁድ ይሆናል፤ ይህ ውሁድ እርጥበትና ኦክሲጅን ሲያገኝ አዮዲኑን ይለቅቃል፤ የተለቀቀው አዮዲንም ጤነኛውን ክፍል አጥቅቶ ያንኑ ውሁድ መልሶ ይወልዳል። በጎተራ እንደ ገባ ነቀዝ፣ ጥፋቱ ራሱ ሌላ ጥፋት ይፈለፍላል ማለት ነው።

ሊቃውንቱ ተስፋ አልቆረጡም። ቲን ፍሎራይድ የተባለውን ውሁድ በመጨመር ቲኑ ኤሌክትሮኑን እንዳይሰጥ መከላከልን ተማሩ፤ በመካከል የሚያድረውንም እንግዳ ለወጡት። በዚህ ትዕግሥት የቲን ሴል ዛሬ ከመቶ 15 አልፏል። ቢሆንም ሌላ ነገር ተገለጠ። በ2016 በቤልጅየም አገር የሐሰልት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ አካሉ እንደ ሜዳ አህያ በተሸነተረ ትንሽ ዓሣ ላይ የእርሳሱንና የቲኑን ውሁድ ጎን ለጎን ፈተኑ። ቲኑም የዓሣውን ፅንስ የሚጎዳ ሆኖ ተገኘ፤ ውሃውን አሲድ ያደርገዋልና። እንግዲህ «እርሳስ የለበትም» ማለትና «ጉዳት የለበትም» ማለት አንድ አለመሆናቸው ታወቀ።

ሁለተኛው መንገድ በሰንጠረዡ ላይ ወደ ጎን መሄድ ነው። የእርሳስ ቁጥር 82 ነው፤ ቀጥሎ በ83 የሚገኘው ቢስሙት ነው። ቢስሙት ከባድ ማዕድን ሆኖ ሳለ ለጨጓራ መድኃኒት እስከ መሆን የደረሰ የዋህ ንጥረ ነገር ነው። እርሱም እንደ እርሳስ ሁለት ኤሌክትሮኖችን አጥብቆ ይይዛል። ችግሩ ከውጭ ኤሌክትሮኖቹ የሚሰጠው ሦስት ስለ ሆነ በሁለት በሚሰጠው በእርሳስ ቦታ በቀጥታ ሊገባ አለመቻሉ ነው። ስለዚህ ቤቱን ለቢስሙት እንዲስማማ ማሻሻል ግድ ሆነ። «ፔሮቭስካይትን አርአያ ያደረጉ» የሚባሉት ንጥረ ነገሮች የተወለዱት ከዚህ ነው።

አንዱ መፍትሔ የሒሳብ መፍትሔ ነበር። ሁለት እርሳሶች በጠቅላላው አራት ኤሌክትሮን ይሰጣሉ፤ ሦስት የሚሰጥ አንድ ቢስሙትና አንድ የሚሰጥ ብር ቢቀመጡ ሒሳቡ ይዘጋል። በ2016 በአሜሪካ በስታንፎርድና በኦሃዮ ስቴት፣ በእንግሊዝም በኦክስፎርድ የሚገኙ ሦስት ቡድኖች፣ ሲዚየም፣ ብር፣ ቢስሙትና ብሮሚን ያለበትን ይህን «ድርብ ፔሮቭስካይት» አስታወቁ። ብርቱካንማ መልክ ያለው ይህ ውሁድ ሙቀትንና እርጥበትን ከእርሳሱ ወንድም በተሻለ ይቋቋማል። ከዚያ በፊት በ2015 በስዊድን አገር በኡፕሳላ ሲዚየም፣ ቢስሙትና አዮዲን ያለበት ሌላ ውሁድ በሴል ተፈትኖ ነበር። የቢስሙት ዘመድ የሆነው አንቲሞኒም በዚያው ዓመት ተሞከረ። በ2017 ደግሞ በካምብሪጅ ሮበርት ሆይና ባልደረቦቻቸው ቢስሙትን ከኦክሲጅንና ከአዮዲን ጋር አዋሕደው የሠሩት ንጥረ ነገር በተራ አየር ውስጥ ከስድስት ወር በላይ ሳይለወጥ መቆየቱን አስታወቁ።

እንግዲህ ዕድሜ ተገኘ፤ ኃይሉ ግን ራቀ። የኡፕሳላው ሴል ከመቶ 1 ያህል፣ የካምብሪጁ ከመቶ 2 በታች ነበር። ድርብ ፔሮቭስካይቱም ለብዙ ጊዜ ከመቶ 3 አካባቢ ቆይቶ፣ በ2022 ሃይድሮጅን ከተጨመረበት በኋላ ከመቶ 6 አለፈ። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ እነዚህ ንጥረ ነገሮች የሚውጡት የብርሃኑን ጥቂት ክፍል ብቻ ነው፤ ቀይና ከቀይ ወዲያ ያለውን ብርሃን ያሳልፉታል። ሁለተኛ፣ በእርሳሱ ቤት ሁሉም ክፍሎች በየአቅጣጫው ተያይዘው ሳለ፣ በብዙዎቹ ተተኪዎች ክፍሎቹ በንብርብር ወይም እንደ ደሴት ተነጣጥለው ቀርተዋል፤ ኤሌክትሮኑ ከደሴት ወደ ደሴት መሻገር ይቸግረዋል። በ2015 በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የነበሩ ሊቃውንት ይህን ነገር መርምረው፣ የእርሳሱ ጥበብ በሠሪው ስሕተት ሳይሰናከል መሥራቱ እንደ ሆነ አስረዱ። በቅንጣቱ ውስጥ ጉድለት ቢኖርም ኤሌክትሮኑ በጉድለቱ አይጠመድም። ይህንን መልካም ጠባይ ያለ እርሳስ ማግኘት ዛሬም የሚደከምበት ሥራ ነው።

ስለ ዕድሜም ቢሆን ቃሉን በጥንቃቄ መስማት ይገባል። «ጸንቶ ኖረ» የተባለ ንጥረ ነገር በምን ሁኔታ ጸና? በጨለማ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ነውን? ወይስ ፀሓይ እየመታው፣ ኤሌክትሪክ እየሰጠ? ቀድሞ እያንዳንዱ ቤተ ሙከራ በራሱ መንገድ እየለካ ያስታውቅ ስለ ነበር፣ አንዱን ከሌላው ማስተያየት አይቻልም ነበር። በ2020 ብዙ ተመራማሪዎች ተስማምተው ለፔሮቭስካይት ሴሎች የሚሆን የጋራ የአፈታተን ሥርዓት አወጡ፤ በጨለማ፣ በብርሃን፣ በሙቀት፣ በውጭ አየርም የሚደረገው ፈተና ለየብቻ ተለየ። ለንግድ የሚቀርቡ የፀሓይ ሰሌዳዎች ደግሞ 85 ዲግሪ ሙቀትና ከመቶ 85 እርጥበት ባለበት ክፍል ውስጥ 1000 ሰዓት፣ ማለት 42 ቀን ያህል፣ ተዘግቶባቸው መውጣት አለባቸው። ብዙ የተወደሱ ቁጥሮች በዚህ በር ላይ ሲደርሱ ይወድቃሉ።

ታዲያ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነውን? አይደለም። በብዙ ቢሮ ጠረጴዛ ላይ ያለችውን የሒሳብ መኪና ተመልከቱ። በግንባሯ ላይ ያለችው ጠባብ ጥቁር መስኮት የፀሓይ ሴል ናት፤ የምትሠራው ግን በክፍሉ መብራት ነው። የቤት ውስጥ መብራት የሚሰጠው ዓይን የሚያየውን ብርሃን ብቻ ያህል ነው፤ ከቀይ ወዲያ ያለው ብርሃን እምብዛም የለበትም። ስለዚህ በአደባባይ እንደ ጉድለት የተቆጠረው የቢስሙትና የአንቲሞኒ ጠባይ በቤት ውስጥ ጉድለት መሆኑ ይቀራል። በ2021 የታተመ ጥናት ከእነዚህ ንጥረ ነገሮች ሁለቱ በቤት ብርሃን ከመቶ 4 እስከ 5 እንደ ሰጡ፣ ይህም በሒሳብ መኪና ላይ ለሚገኘው የሲሊኮን ዓይነት የቀረበ መሆኑን አሳይቷል። ሙቀትና እርጥበትን የሚለኩ፣ ባትሪ ሳይለወጥላቸው በየግድግዳው ተሰቅለው የሚኖሩ ትንንሽ መሣሪያዎች የመጀመሪያ ቤታቸው ሊሆኑ ይችላሉ። ሰው በሚተኛበትና ልጅ በሚጫወትበት ክፍል ውስጥ የሚቀመጥ ዕቃ ደግሞ ከሁሉ በፊት መርዝ የሌለበት መሆኑ ያስፈልጋል።

ክቡራን አድማጮች፤ ከዚህ ታሪክ የምናገኘው ትምህርት በየመሥሪያ ቤታችን ለሚቀርብልን ማናቸውም አዲስ ነገር የሚሆን ነው። እርሳሱ ኃይል ሰጠ፤ መርዙን ደበቀ። ቲኑ መልካም ስም ይዞ መጣ፤ በአየር ፊት አልቆመም። ቢስሙቱ ቆመ፤ ጉልበቱ አነሰ፤ ሆኖም የሚስማማውን ቦታ አገኘ። በመጀመሪያው ቀን የሚነገር ቁጥር የዕቃውን ግማሽ ታሪክ ብቻ ይነግረናል። የቀረውን ግማሽ የሚነግሩን ዝናቡ፣ ሙቀቱና ዓመታቱ ናቸው። ስለዚህ የዋጋ ማቅረቢያ ወረቀት በፊታችን በተዘረጋ ጊዜ፣ «ስንት ይሰጣል?» ብለን ከጠየቅን በኋላ «እስከ መቼ ይሰጣል? ሲሞትስ ምን ትቶ ይሞታል?» ብለን መጨመርን አንርሳ። ኡራል ላይ የተገኘው ድንጋይና በፓሪስ የታየው ብርሃን እስኪገናኙ 170 ዓመት ጠብቀዋል፤ ከመርዝ የጸዳውና የሚጸናው ሴል እስኪገኝም ጥቂት ትዕግሥት ቢጠየቅ አይደንቅም። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላልና።